ስለ ሯጮቻችን አመራረጥና አስተዳደግ

ከአንድ አገር ልጆች መካከል ብርቱውን ለይቶ ማውጣት፣ ካወጡትም በኋላ አሠልጥኖና ደግፎ ከዓለም ጋራ ለውድድር ማብቃት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በአገራችን ግን ይህ ጥበብ እንደ ጥበብ ሲቈጠር ብዙ ጊዜ አናይም። ኢትዮጵያዊ ሯጭ በባዕድ አገር ድል ባደረገ ቍጥር፣ «ተፈጥሮው ነው፤ የደጋው አየር ነው፤ በልጅነቱ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤት እየሮጠ በመመላለሱ ነው» ይባላል። ይህ አነጋገር ከእውነት ፈጽሞ የራቀ ነው ለማለት አንደፍርም። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ደሙ ኦክሲጅንን በሚገባ መሸከም እንደሚለምድ የሕክምና ሊቃውንት አረጋግጠዋል። ነገር ግን ደጋው ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው፤ የደጋውም ልጅ ከብት ሲያግድ፣ መልእክት ሲያደርስ፣ ገና ሲጫወት፣ ሲሮጥ የኖረ ነው። የኦሊምፒክ ድል ግን የመጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በደጋውና በድሉ መካከል የቆመ ሌላ ነገር መኖር አለበት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ነገር ምን እንደ ሆነ ከታሪክ ፈልጎ ማሳየት ነው። ዓመታቱንም፣ ሌላ ካላመለከትን በቀር፣ የምንጠቅሰው በአገራችን አቈጣጠር ነው።

ነገሩን ከልደታ ብንጀምር ተገቢ ይሆናል። ቦሌ ከመከፈቱ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ የነበረው ልደታ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከዚሁ ሜዳ ተነሥቶ ነበር። በዚያ ዘመን ከዋና ከተማችን በአየር ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሁሉ፣ ሚኒስትርም ቢሆን ነጋዴ፣ ተማሪም ቢሆን ወታደር፣ ወዳጅ ዘመዱን የሚሰናበተው በልደታ ነበር። ለአንድ የባላገር ልጅ ግን ከትውልድ መንደሩ እስከ ልደታ ሜዳ የነበረው መንገድ፣ ከልደታ እስከ ሮማ ካለው ይልቅ የረዘመ ነበር። ከልደታ ወዲያ ያለውን አውሮፕላኑ ያደርሰዋል፤ ከልደታ ወዲህ ያለውን ግን የሚያሻግረው ሰው ያስፈልገዋል። ስለ ሯጮች አመራረጥ ስንናገር የምንናገረው ስለዚህ ስለ መጀመሪያው መንገድ ነው።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በተባለች መንደር ተወለደ። በልጅነቱም እንደ እኩዮቹ ገና ይጫወት ነበር። የገና ጨዋታ ምን ያህል ጕልበት እንደሚጠይቅ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገንም፤ እሩሯን ተከትሎ ከሜዳ ሜዳ፣ አንዳንድ ጊዜም ከመንደር መንደር መሮጥ ነው። በዚህ ዓይነት ሜዳ ላይ ስንት ብርቱ ልጆች ሮጠው እንዳለፉ ግን ማንም አያውቅም። ምክንያቱም ሰዓት የያዘ ዳኛ አልነበረም፤ ስም የሚጻፍበት መዝገብ አልነበረም፤ «ይህን ልጅ ነገም አምጡት» የሚል አሠልጣኝ አልነበረም። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ያልተመዘገበ ነገር እንዳልነበረ ይቈጠራል። ብርታት ነበረ፤ ብርታቱን አይቶ የሚመዘግብ ዐይን ግን አልነበረም።

ያ ዐይን በመጀመሪያ የተገኘው በጦር ሰፈር ውስጥ ነው። ክቡር ዘበኛ ወጣቶችን የመለመለው ለጥበቃና ለውጊያ እንጂ ለሩጫ አልነበረም። ሆኖም ሳያስበው ለሯጭ የሚያስፈልጉትን አራት ነገሮች አንድ ላይ ሰጠ፤ እነዚህም የማይቋረጥ ምግብ፣ የወር ደመወዝ፣ ለልምምድ የሚሆን ጊዜና በየጊዜው የሚደረግ ውድድር ናቸው። ገበሬ በእርሻ ወራት ሞፈሩን ጥሎ ሊሮጥ አይችልም፤ የቀን ሠራተኛም የዕለት እንጀራውን ትቶ ሊሮጥ አይችልም። ወታደሩ ግን ሲሮጥ ቢውል ማታ ራቱ አይቀርበትም። በሠራዊቱ ክፍሎች መካከል ይደረግ የነበረው እሽቅድምድምም «የማን ልጅ ነህ?» ሳይል እግርን ብቻ የሚመዝን ነበር። በአገራችን ታሪክ ድኻው የባላገር ልጅ ከሌላው ጋራ እኩል ቆሞ የተመዘነበት ስፍራ ብዙ አልነበረምና፣ ይህን እንደ ቀላል ነገር ልናየው አይገባንም።

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በኅዳር 1949 ዓ.ም. በአውስትራሊያ፣ በሜልቦርን ከተማ ነው። ሜዳሊያ አልተገኘም። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የነበረው የክቡር ዘበኛው ማሞ ወልዴ በ800ና በ1500 ሜትር ሮጦ በሁለቱም ማጣሪያውን ሳያልፍ ቀረ። አንድ ወጣት በመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ውድድሩ እንዲህ ሲሆን «አይሆንም» ብሎ ማሰናበት ለመራጭ ቀላል ነው። ማሞ ግን አልተሰናበተም። ቀስ በቀስ ወደ ረጅሙ ርቀት እየተሻገረ ሄደ፤ ከ12 ዓመት በኋላም የሆነውን ወደ ፊት እናየዋለን። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ያባቶቻችን ቃል ለሯጭ የተነገረ ይመስላል።

ለዚህ ትዕግሥት ዕውቀት የጨመሩበት ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ናቸው። በፊንላንድ ተወልደው በስዊድን ያደጉት እኒህ ሰው፣ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1946 ሲሆን፣ በክቡር ዘበኛ የአካል ማጠንከሪያ ትምህርት አስተማሪ ሆኑ። ስዊድን በዚያን ጊዜ በሩጫ ሥልጠና ስሟ የገነነ ነበር፤ ፍጥነትንና ዝግታን እያፈራረቁ በዱርና በዳገት የሚሮጡበት «ፋርትሌክ» የተባለው ዘዴ የተገኘው በዚያ ነው። የኒስካነን ትልቁ ውለታ ግን ከውጭ ያመጡት ዘዴ ብቻ አይደለም። ብርታትን ከመደነቅ አልፈው ለኩት። ሰዓት ያዙ፤ የዛሬውን ሩጫ ከትናንቱ ጋራ አመሳከሩ፤ ከመለካታቸውም የተነሣ ሌላው ያላየውን አዩ።

ለሮማው ኦሊምፒክ ሯጮች ሲዘጋጁ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የታወቀው ዋሚ ቢራቱ ነበር። ዋሚ በሠራዊቱ ውድድሮች አበበን ጭምር ይቀድም የነበረ ጐበዝ ነው። በልማድ የሚተረከውም ታሪክ፣ ዋሚ ሊሄድ ባለመቻሉ አበበ በመጨረሻ ሰዓት ተተክቶ ሄደ የሚል ነው። ይህ አተራረክ አንድ ትልቅ ነገር ይጐድለዋል። አበበ በ1952 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ በአንድ ወር ልዩነት ሁለት ማራቶን ሮጦ ሁለቱንም አሸንፏል፤ በሁለተኛውም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ጨርሷል። ይህ ሰዓት ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ካቆመው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር፤ ያውም ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ! ዓለም አበበን አያውቀውም ነበር፤ ሰዓት ይዘው ያዩት አሠልጣኙ ግን ያውቁት ነበር። ስለዚህ ምትክ መፈለጉ ዕድል ነው ቢባል እንኳ፣ ለምትክነት ተዘጋጅቶ መገኘቱ ዕድል አልነበረም።

የሮማው ማራቶን የተሮጠው ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቍጣጣሽ ዋዜማ ምሽት ነው። አበበና አሠልጣኙ የሩጫውን ጐዳና አስቀድመው ተመልክተው፣ ከአገራችን ተወስዶ በዚያ ከቆመው ከአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ፍጥነት እንዲጨምር ተስማምተው ነበር። እንደ ተስማሙትም ሆነ። አበበ ባዶ እግሩን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በመግባት የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ የኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘትም ከጥቁር አፍሪካውያን የመጀመሪያው ሆነ። በዚያው ውድድር አበበ ዋቅጅራ የሚባል ሌላ ኢትዮጵያዊ ሰባተኛ መውጣቱን ግን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ለእኛ ነገር ይህ ሰባተኛነት ከወርቁ የማያንስ ምስክር ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢያሸንፍ ተፈጥሮ ነው ሊባል ይቻላል፤ ከአንድ ሰፈር የወጡ ሁለት ሰዎች ከዓለም ሰባት ምርጦች መካከል ሲገኙ፣ ሦስተኛውም አገር ቤት ቀርቶ ሳለ፣ ይህ የአሠራር ፍሬ ነው።

ነገር ግን ያ አሠራር አንድ በር ብቻ የነበረው ቤት ነበር። ከድሉ ሦስት ወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በክቡር ዘበኛ አዛዦች መሪነት የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተነሣ። ይህ የታኅሣሥ ግርግር ሲከሽፍ ክፍሉ በሞላው ተጠርጣሪ ሆነ፤ አበበም ታስሮ ተፈታ። ሯጮቻችንን የወለደው ቤት ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጥ ነው፤ የአንድ አገር ተሰጥኦ በአንድ መሥሪያ ቤት ዕጣ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ እንደ ሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ በወደቀ ቀን አብሮ ይወድቃል።

አበበ ከዚያ በኋላ ያደረገውን ዓለም ያውቀዋል። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በ35ኛው ቀን፣ ጥቅምት 11፣ በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ እንደ ገና በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም። በዚህ ድል ውስጥ የሯጩ ጽናት አለ፤ በጊዜው የደረሰው ሐኪም አለ፤ ገና ቍስሉ ሳይጠና ልምምዱን የመጠኑለት አሠልጣኝ አለ። ድጋፍ የሚባለው ይህ ነው።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን የአበበ እግር ታምሞ ነበር፤ ከ17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ አቋርጦ ወጣ። የኢትዮጵያ ተስፋ በአንድ ሰው ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚያች ሰዓት ባለቀ ነበር። ዳሩ ግን በሜልቦርን ማጣሪያውን ያላለፈው ማሞ ወልዴ፣ አሁን የ36 ዓመት ሰው ሆኖ፣ በዚያ ጐዳና ላይ ነበረ። በ10,000 ሜትር የብር ሜዳሊያ ካገኘ በኋላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላም በሚዩኒክ፣ ያውም በጳጕሜን 5 ቀን፣ በ40 ዓመቱ የነሐስ ሜዳሊያ ጨመረ። ከመጀመሪያው ሽንፈት እስከ ወርቁ የነበሩትን 12 ዓመታት ማሞን የጠበቀው ክፍል፣ የአሸናፊነቱ ተካፋይ ነው ብንል አላጋነንም።

ሌሎች አገሮች ይህን ጕዳይ በየበኩላቸው ሞክረውታል። ምሥራቅ ጀርመን ልጆችን ከየትምህርት ቤቱ እየለካች በልዩ የስፖርት ትምህርት ቤቶች አሳደገች፤ ሜዳሊያውም በረከተላት፤ ነገር ግን ወጣቶቹ ሳያውቁ አካላቸውን የሚጐዳ መድኃኒት ይሰጣቸው እንደ ነበረ በኋላ ተገለጠ። አውስትራሊያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 ከሞንትሪያል ያለ አንድ ወርቅ በተመለሰች ጊዜ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በካንቤራ ትልቅ የስፖርት ተቋም መሠረተች። በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ፣ በዚያው በ1976 ወደ ኢቴን የመጡት አየርላንዳዊው መምህር ኮልም ኦኮነል፣ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ የዓለም ባለድሎችን አፈሩ። እንግዲህ ገንዘብ ያለው በተቋም፣ ገንዘብ የሌለው በአንድ ትጉህ መምህር ሊጀምር ይችላል ማለት ነው። ሰውን እንደ ዕቃ የቈጠረ ግን የሚያገኘው ሜዳሊያ እንጂ ክብር አይደለም።

በእኛም አገር በሩ ከአንድ ወደ ብዙ እየሰፋ ሄደ። ከአየር ኃይል የወጣው «ማርሽ ቀያሪው» ምሩፅ ይፍጠር፣ በአሠልጣኝ ንጉሤ ሮባ ዘመን፣ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ 5,000ውንና 10,000ውን አሸነፈ። ይሁን እንጂ በ1968፣ በ1976ና በ1981 ዓ.ም. አገራችን ከኦሊምፒክ ስለ ቀረች፣ በብርታታቸው ጫፍ ላይ የነበሩ ሯጮች ቀናቸው አለፈባቸው። በላይነህ ዲንሳሞ ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. በሮተርዳም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ሮጦ ዐሥር ዓመት የቆየ የዓለም ክብረ ወሰን አቆመ፤ ከአምስት ወር በኋላ ግን በሴኡል ሊሮጥ አልቻለም። የአሠልጣኝ ድካምና የሯጭ ላብ እንዲህ በውሳኔ ብቻ ሊባክን እንደሚችል ታሪክ መዝግቦታል።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ትውልድ ያደገው በክለቦች ነው። ደራርቱ ቱሉና ጥሩነሽ ዲባባ የማረሚያ ቤቶች፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የፖሊሱ ኦሜድላ፣ ቀነኒሳ በቀለ የሙገር ሲሚንቶ ክለብ ልጆች ናቸው። ክለቡ ቀድሞ ክቡር ዘበኛ ያደረገውን ያደርጋል፤ ደመወዝ ይከፍላል፤ መኝታና ምግብ ይሰጣል፤ ያወዳድራል። በሀንጋሪ የተማሩት አሠልጣኝ ወልደ መስቀል ኮስትሬ ይህን ትውልድ ተረክበው ለድል አበቁት። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱ በባርሴሎና 10,000 ሜትሩን ስታሸንፍ፣ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። የሕዝቡ እኩሌታ የሆኑት ሴቶች እስከዚያች ቀን ድረስ ከወርቁ ርቀው የቆዩት ብርታት አንሷቸው አልነበረም፤ በሩ ዘግይቶ ስለ ተከፈተላቸው ነው።

ከክለቡ በፊት ግን መምህሩ አለ። በአርሲ፣ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከምትገኘው ከበቆጂና ከአካባቢዋ ደራርቱ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ወጥተዋል። በዚያች ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ፣ ልጆችን በየማለዳው ሰብስበው በማሠልጠን ይታወቃሉ። ደጋ የሆነ ወረዳ በኢትዮጵያ ብዙ ነው፤ በቆጂ ግን አንዲት ናት። ልዩነቱ አየሩ ቢሆን ኖሮ ሰሜን ሸዋም፣ ጎጃምም፣ ስሜንም እንደ በቆጂ በሆኑ ነበር። ልዩነቱ በማለዳ የሚነሣው መምህር ነው።

ይህን ሁሉ የሚያጠቃልል ነገር ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ታየ። ለማራቶን ተመርጦ የነበረው ሲሳይ ለማ ስለ ተጐዳ፣ ተጠባባቂ የነበረው ታምራት ቶላ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ተተካ፤ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድም በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። በወንዶች ማራቶን ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ ያልተገኘውን ወርቅ ያመጣው ተጠባባቂው ነው። ሰውዬው በ2014 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮን የነበረ መሆኑን ስናስብ፣ እንዲህ ያለ ሰው በተጠባባቂነት የሚቀመጥበት አገር ምን ያህል ሀብታም እንደ ሆነ እንረዳለን። በሮማ በዋሚ ስፍራ የቆመው አበበ፣ በሜክሲኮ የአበበን አደራ የተቀበለው ማሞ፣ በፓሪስ በሲሳይ ስፍራ የሮጠው ታምራት አንድ ነገር ይነግሩናል። የአንድ አገር የስፖርት ኃይል የሚለካው በአንደኛው ሰው አይደለም፤ አንደኛው ሲጐድል በሚቆመው በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው።

ምርጫ የሚሳሳተውም በዚሁ ላይ ነው። መራጭ አንደኛውን ለማግኘት ሲጣደፍ ሁለተኛውን ይጥላል። ሕዝብም አሸናፊውን ሲሸልም፣ አብሮት የሮጠውንና ፍጥነቱን የሳለለትን ሰው ይረሳል። አበበ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ተጐድቶ መራመድ በተሳነው ጊዜ፣ መንግሥት ወደ እንግሊዝ አገር ልኮ አሳክሞታል፤ እሱም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ እስከ መወዳደር ደርሷል፤ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜም ሕዝብ አልቅሶ ቀብሮታል። ይህ የሚገባው ነበር። ነገር ግን ሜዳሊያ ሳያገኝ ጕልበቱን የጨረሰውን፣ ትምህርቱን አቋርጦ ከአርሲ ወይም ከሸዋ ወደ ክለብ መጥቶ በጉዳት የተሰናበተውን ወጣት ማን ያሳክመዋል? ማንስ ሥራ ያስተምረዋል? አንዱን ባለወርቅ ለማግኘት ብዙዎች መሮጥ ካለባቸው፣ የብዙዎቹ ዕዳ በአገር ላይ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይገቡናል ብለን እናምናለን። አንደኛ፣ በየትምህርት ቤቱ ለሁሉ ክፍት የሆነ ውድድር በየዓመቱ ሳይቋረጥ ይደረግ፤ ውጤቱም ስምና ሰዓት ተጽፎበት ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ልጅ በአንድ ሽንፈት አይባረር፤ በአንድ ድልም ያለ ዕድሜው አይበዝበዝ። ሦስተኛ፣ ሯጭ ለመሆን የመጣ ሁሉ ትምህርቱን ወይም ሙያውን ይዞ ይሩጥ፤ እግሩ ባይሰማው እጁ እንዲያኖረው። እንደ ኢትዮጵያ ወጣቶች ስፖርት አካዳሚና በአሰላ እንደ ተሠራው በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ ማሠልጠኛ ያሉ ተቋማት መቋቋማቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ወንዙ ቢደርቅ ግድቡ ምን ይይዛል? ወንዙ ያለው በየወረዳው ትምህርት ቤት ነው።

ልደታ ዛሬ ሌላ መልክ ይዟል። አሮጌው ሰፈር ፈርሶ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ረጃጅም ሕንፃዎች ቆመውበታል። ከተማ ሲያምር ደስ የማይለው የለም። በእነዚያ ሕንፃዎች መካከል የሚያድገው ልጅ ግን የሚሮጥበት ሜዳ፣ ሰዓት ይዞ የሚጠብቀው መምህርና ስሙ የሚጻፍበት መዝገብ ያስፈልገዋል። ቀደም ሲል ከዚህ ስፍራ ሰው ወደ ዓለም ይበር ነበር፤ የባላገሩ ልጅ እስከዚህ እንዲደርስ መንገድ የከፈቱለትም ሰዎች ነበሩ። ያንኑ መንገድ ለሚቀጥለው ልጅ መክፈት የእኛ ተራ ነው።